ለሦስት ወር አንድ ቦርሳ ይበቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። እህታችሁ ጥር ላይ ብቻዋን ታይላንድ፣ ቬትናምና ማሌዥያን ልትዞር ነው። ሻንጣ መጎተት አልፈልግም፣ በጀርባ የሚታዘል አንድ ቦርሳ ብቻ። ግን ልብሱን ባጣጥፈው ባጣጥፈው አልገባ አለኝ። ምን ልተው?

መልስ፦ ጂንሱን ተይው። ከባድ ነው፣ ባንኮክ ላይ በላብ ያጠምቅሻል፣ ሲታጠብም ቶሎ አይደርቅም። የሳምንት ልብስ ይበቃሻል፣ እዚያ በኪሎ የሚያጥቡ በየሰፈሩ አሉ። ርካሾቹ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ በእጅ የሚፈቅዱት 7 ኪሎ ነው፣ እና ይመዝናሉ! ከቤት ሳትወጪ መዝኚው።

መልስ፦ ሁሉም ሙቀት ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ሃኖይ ጥር ላይ ይበርዳል። አንድ ሹራብና ስስ ጃኬት ያዢ፣ ቦርሳ ውስጥ ከምትከቺው ግን ለብሰሽው ተሳፈሪ። ፓወር ባንክ የግድ በእጅ ነው የሚያዘው። ሻምፑ ከ100 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ዕቃ ከሆነ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ማሌዥያ ሶኬቱ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፣ አዳፕተር እንዳትረሺ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። እናቴ ግን በርበሬና ቆሎ ካልያዝሽ አትሄጂም ብላለች 😂

መልስ፦ ቆሎው ትራንዚት ላይ ያልቃል፣ ያዢው። በርበሬውን ተይ፣ ታይላንድ ሄዶ የሚያቃጥል ነገር ያጣ ሰው የለም።