የዕቅድ ውይይት፦ የዲጂታል ትምህርት ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ ሁለት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። ዓላማው ተማሪው ኢንተርኔት ላይ ያየውን ሁሉ ሳያጣራ እንዳይውጥ ነው። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ።

የአይሲቲ መምህር፦ «የይለፍ ቃል በየወሩ ቀይሩ» የሚለው ይውጣ፣ ያረጀ ምክር ነው። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት (NIST) እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ትቶታል። ረጅም ይሁን፣ ለሁለት አካውንት አንድ ዓይነት አይሁን፣ በቃ። ልጆቹ ሲገደዱማ መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ቀይረው ይገላገላሉ።

የታሪክ መምህርት፦ ገጹን ከማመን በፊት ሌላ ታብ ከፍቶ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማየት ይግባ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሲያወዳድሩ መረጃ አጣሪዎቹ በዚህ ዘዴ የታሪክ ፕሮፌሰሮችን በልጠዋል። ለኛ ለታሪክ ሰዎች ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሩ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚሆነው?

የአይሲቲ መምህር፦ እኔ ጋ ነዋ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማውሶቹ ሲጠፉም አንተ ጋ ነበር። የት ገቡ?

የአይሲቲ መምህር፦ ሌባ ልትለኝ ከሆነ በግልጽ በል! አንዱ የቁልፍ ኮፒ አንተው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

የፊዚክስ መምህር፦ ለሁለት ሰው ይሰጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ሰው ከያዘው ሲጠፋ ተጠያቂ የለም።

የወላጆች ተወካይ፦ አንድ ሰው ሲይዘውስ? ባለፈው ልጆቹ ክፍለ ጊዜውን በር ላይ ቆመው ጨረሱት። ባለቁልፉ ስብሰባ ላይ ነበር።

የታሪክ መምህርት፦ አንዷ ተማሪዬ ስልኳ ላይ የመጣውን የማረጋገጫ ኮድ «ጓደኛዬ ጠየቀኝ» ብላ ላከች። አካውንቷ ተወሰደ። አሁን በስሟ ብር የሚለምን ሌላ ሰው ነው። እናንተ ቁልፍ ትላላችሁ።

የአይሲቲ መምህር፦ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ እንጂ!

ገንዘብ ያዥ፦ ሌባ አልወጣኝም። መዝገብ ይኑር ነው ያልኩት።

የአይሲቲ መምህር፦ እንደሱ ከሆነ እሺ። ግን በሩም ይቀየር። በትከሻ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።

የወላጆች ተወካይ፦ መስኮቱም።

ሰብሳቢ፦ የሥልጠናውን ማንዋል እንጽፋለን ያላችሁት የት ገባችሁ?

የፊዚክስ መምህር፦ እኔ ፈተና እያረምኩ ነው።

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ ሦስት፦ የብረት በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የቁልፍ መዝገብ። ሥልጠናው በጀት ከተረፈ።

የታሪክ መምህርት፦ ትምህርቱስ የትኛው ገጽ ላይ ነው?

ሰብሳቢ፦ አባሪ ውስጥ አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ የፍርግርጉ ቀለም በዋጋው ውስጥ ገብቷል?