ሽማግሌው ማኒንግ ወይስ ልጁ ኦስዋይለር? በበግ ተወራርደናል፣ ፍረዱን

የሌሊት ተረኛ (ጎንደር)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ክርክሩ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከሚኖረው ወንድሜ ጋር ነው። ርዕሱ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ አዎ፣ ያ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበት። ከመሳቃችሁ በፊት እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ።

በ2008 ዓ.ም. ለከተራ አንድ ቀን ሲቀር ሆቴሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከዴንቨር የመጡ አንድ አዛውንት እንግዳ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተራቸውን አቅፈው ወረዱና ኢንተርኔቱ ክፍላቸው ድረስ እንደማይደርስ ነገሩኝ። ቡድናቸው ዴንቨር ብሮንኮስ ከፒትስበርግ ጋር ሊጫወት ነው። እኔ ምንም እንደማላውቅ ሲረዱ፣ ማታ ቡና የተፈላበትን ረከቦት ሳቡት። 5 ሲኒ በመስመር ደረደሩ፤ ከሲኒዎቹ ኋላ ጀበናዋን አቆሙ። «ይቺ ኳርተርባክ ናት» አሉኝ። ማንኪያዎቹን ከወዲያ ማዶ እየገፉ፣ እነዚህ ሊሰብሯት የሚመጡ ናቸው፤ ሲኒዎቹ ይመክታሉ፤ እሷ ደግሞ ሳይደርሱባት፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ኳሱን ለማን እንደምትወረውር መወሰን አለባት ብለው አስረዱኝ። ጀበናዋ አንገቷ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረች ነበረች። በኋላ ሳነብ የብሮንኮሱ ኳርተርባክ ፔይተን ማኒንግም አንገቱን ተቀዶ የ2011ን (እንደ ፈረንጆቹ) የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይጫወት ያለፈ ሰው መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የማኒንግ ወገን ነኝ።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። (ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ2015 ውድድር ማኒንግ 39 ዓመቱ ነበር፤ እግሩን ታሟል፤ ክንዱም የድሮው አልነበረም። በመደበኛው ውድድር 9 ታችዳውን (የጎል ያህል ነው) አቀብሎ 17 ኳስ በተጋጣሚ ተጠለፈበት። አሠልጣኙ ጋሪ ኩቢያክ አስቀመጡትና ብሮክ ኦስዋይለርን አስገቡ። ልጁ ያኔ 25 ዓመት እንኳን አልሞላውም፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። በቋሚነት የጀመራቸው 7 ጨዋታዎች ናቸው፤ 5ቱን አሸነፈ፣ 2ቱን ተሸነፈ። አንድ ቀን አንበሳ፣ አንድ ቀን ግራ የተጋባ። በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ግን ኩቢያክ ከአራቱ የጨዋታ ክፍሎች በሦስተኛው ሩብ ልጁን አስወጥተው ሽማግሌውን መለሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በየካቲት 2016 ካሮላይናን 24 ለ 10 አሸንፈው ሱፐር ቦውልን፣ የዓመቱን የፍጻሜ ዋንጫ፣ ወሰዱ።

ወንድሜ «ልጁ ተበድሏል፤ በእሱም ቢሆን ዋንጫው ይመጣ ነበር» ይላል። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። የተረታ ለእናታችን የፋሲካ በግ ይገዛል። ፍረዱን።

ባለ ሱቁ፦

በጉ ለእናታችሁ ከሆነ ተረቺውም ረቺውም ምን ለያችሁ? ሁለታችሁም ግዙ። ስለ ጨዋታው ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይህን ሁሉ ሰዓት ቆመው ሲመካከሩ ነው የማያቸው። ዕድር ነው ወይስ ጨዋታ?

ከዴንቨር የተመለሰ ታክሲ ነጂ፦

ልጄ፣ ያን ዘመን እኔ እዚያው ታክሲ እነዳ ነበር። ጨዋታ ሲያልቅ የምንሰለፈው ስታዲየሙ አጠገብ ስለነበር ውጤቱን ከተሳፋሪው አካሄድ ነው የማውቀው። ማኒንግ የወጣበትን ቀን አልረሳውም። ከካንሳስ ሲቲ ጋር ነበር። 20 ጊዜ ወርውሮ ለጓደኞቹ የደረሱት 5 ብቻ፤ 4 ደግሞ ተጠለፉበት። የሚገርመው፣ በጨዋታ ዘመን ሁሉ የተወረወረ ድምር ርቀት የምንጊዜም ክብረ ወሰንን የሰበረውም በዚያው ቀን ነው! የጫንኋቸው አባትና ልጅ እስከ ቤታቸው ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

አሁን ፍርዴን ስማ። ያን ዓመት የዴንቨር ጉልበት ተከላካዩ ነበር። በሱፐር ቦውሉ ኮከብ የተባለው ቮን ሚለር እንጂ ማኒንግ አይደለም። እንዲህ ያለ ተከላካይ ያለው አሠልጣኝ ከኳርተርባኩ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳሱን ለጠላት አታስረክብብኝ። ልጁ በወጣበት የሳን ዲዬጎ ጨዋታ ቡድኑ 5 ጊዜ ኳስ አስረከበ። ሁሉም የልጁ ጥፋት አልነበረም፤ ግን ሜዳው ላይ የሚያረጋጋ ሰው አልነበረም። ማኒንግ ሲገባ እየተመሩ ነበር፤ 27 ለ 20 አሸንፈው ወጡ። ከፒትስበርግና ከኒው ኢንግላንድ ጋር በተደረጉት ሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎችም አንድ ውርወራ አልተጠለፈበትም።

እኔ ከአሜሪካ በፊት በጎንደርና በሽሬ መካከል የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ሊማሊሞን ጭነህ ስትወርድ ጉልበት ምን ያደርግልሃል? ማርሽ ቀንሰህ፣ ፍሬኑን ሳታግል፣ በየጠመዝማዛው ጥሩንባ እየነፋህ ነው። ዳገቱን ወጣቱ ቀድሞኝ ይወጣ ነበር፤ አልክድም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ባለ ንብረቱ ቁልፉን ለእኔ ነበር የሚሰጠው። ዴንቨር ያን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ነበረች።

(በነገራችን ላይ 1,600 ሜትር ላይ ተቀምጠው «ከፍታ ያፍናል» እያሉ እንግዳ ቡድን ሲያስፈራሩ ያስቀኝ ነበር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት።)

የስፖርት መምህርት፦

ጋሼ፣ የሊማሊሞው አባባልዎ ጥሩ ነው፤ ግን መኪናው ታች በሰላም ከደረሰ በኋላ ሾፌሩን ማመስገን ቀላል ነው። በዚያ ዓመት 17 ጊዜ ገደል አፋፍ የደረሰው ያው ሽማግሌ አይደለም?

ልጆችን እጅ ኳስ አሠለጥናለሁ። ወጣት ሲዋዥቅ ስህተቱን ብዙም አልቆጥርም። ያው ስህተት በሦስተኛው ሳምንት ይደገማል ወይ የሚለውን ነው ደብተሬ ላይ የምጽፈው። አዲስ ስህተት የሚሠራ ልጅ እየተማረ ነው። ግሪን ቤይ የሚባለውን ቡድን ተመልከቱ። በ2008 አንጋፋውን ኳርተርባክ ብሬት ፋቭርን ሸኝተው ወጣቱን አሮን ሮጀርስን ሲያስገቡ ሕዝቡ አበደ። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ 6 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በየካቲት 2011 ግን ሱፐር ቦውልን አመጣ። ኋላ ሮጀርስ በተራው ሲያረጅ ጆርዳን ላቭን አስገቡ። በ2023 ከመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች 5ቱን ተሸንፎ፣ ያንኑ ዓመት ዳላስን በሜዳዋ 48 ለ 32 አሰናበተ። ሮጀርስ ደግሞ ወደ ኒው ዮርክ ጄትስ ሄዶ በመጀመሪያ ጨዋታው፣ ገና በአራተኛው የማጥቃት ሙከራ ላይ፣ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ።

ኦስዋይለርን በተመለከተ ግን ለጠያቂው ሳልወድ አንድ ነጥብ ልስጥ። በቀጣዩ ዓመት ሂውስተን በ4 ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር ውል ወሰደው፤ 15 ታችዳውን አቀብሎ 16 ተጠለፈበት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ቡድን እንዲወስድላቸው አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበትን አንድ ተራቸውን መርቀው ሰጡት። የእሱ ስህተት የሚደገመው ዓይነት ነበር። ይህን ግን ኩቢያክ በዚያች ሦስተኛ ሩብ ላይ ከየት ያውቁታል?

ወንድሙ (አውሮራ)፦

ወንድሜ ሆን ብሎ የዘለለውን እኔ ልንገራችሁ። በኅዳር መጨረሻ ኒው ኢንግላንድ 10 ጨዋታ አሸንፋ አንድም ሳትሸነፍ ዴንቨር መጣች። በረዶ እየጣለ ነበር። በጭማሪ ሰዓት 30 ለ 24 የረታቻት በማን ነው? በልጁ። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች እኩል 12 አሸንፈው 4 ተሸንፈው ነበር፤ ዴንቨር የበለጠችው እርስ በርስ ባደረጉት በዚያ ጨዋታ ነው። ለሱፐር ቦውል ያለፉበት ግጥሚያ በሜዳችን የሆነውም ለዚህ ነው። 20 ለ 18 ነው የተጠናቀቀው! በሜዳቸው ቢሆን ሽማግሌህ ያሸንፍ ነበር? በሱፐር ቦውሉም የወረወረው 141 ያርድ ብቻ ነው። ያን ልጅ ዝም ብሎ ወንበር ያሞቀ ተቀያሪ አታስመስለው።

የሌሊት ተረኛ (ጎንደር)፦

ወንድምዬ፣ ስንት ዓመት ተከራክረን ይህን የሜዳ ነገር ዛሬ ነው የምታወጣው? ሌሊቱን ሙሉ ውጤቶቹን ስቆጥር አደርሁ፤ ልክ ነህ፣ 12 እና 4 ነው፤ ሁለቱም።

ጋሼ፣ ሳን ዲዬጎ ላይ ሽማግሌውን መመለስ ትክክል ነበር የሚለውን አሁንም አለቀውም። ግን ልጁ ተራራውን ባያወጣው ሽማግሌው የሚወርደው ቁልቁለት አይኖርም ነበር፤ ይህንን አላሰብሁትም። መምህርት፣ የእርስዎን ጥያቄ ልመልሰው አልቻልሁም።

ባለ ሱቁ ያለው ይሁን። የበጉን ግማሽ ዋጋ በባንክ ላክልኝ፤ ግማሹን እኔ እሞላለሁ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ላቱን ጨብጬ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ያለፈው ዓመት አንተ በስልክ ያስመረጥኸው ጠቦት ምን እንደሚመስል እናታችንን ጠይቃት።