የዲኤክስ ቴስታታ፦ 18 ሴንቲ ሜትር 21 ሲሆን ስንት ፐርሰንት ነው?

ባለዲኤክስ (አዳማ)፦
ሰላም ወገን። አሮጌ ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) አለችኝ፣ ሞተሯ 4ኬ የሚባለው። ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ሞጆን ካለፍኩ በኋላ ታለቃቅሳለች። የጫነ ሚኒባስ እንኳ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኛል። ትርፍ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተር የላይ ክዳን) ገዛሁና የአንዱን ሲሊንደር የአየር መግቢያ ሞረድኩት። ለውጡን ለማየት ደግሞ መለኪያ ሠራሁ።

ቴስታታውን የ75 ቧንቧ ላይ አስቀምጬ በቤት መጥረጊያ ቫኪዩም አየር እስባለሁ። አየሩ መንገድ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ብረት ያልፋል። ከብረቱ ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት ውሃ ባለበት ቱቦ አያለሁ። ቫልቩ 8 ሚሊ ሜትር ሲከፈት ያልተነካው 18 ሴንቲ ሜትር ሰጠ፣ የሞረድኩት 21። ወደ 17 ፐርሰንት ጨመርኩ ማለት ነው? ቶሎ መልሱልኝ፣ ሚስቴ ቫኪዩሟን እየፈለገች ነው።

ቶርኖ ቤት፦
አይደለም ወንድሜ። አየሩ የሚያድገው በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው። 21ን ለ18 ስታካፍል 1.167፣ ስኩዌር ሩቱ 1.08። ስለዚህ 8 ፐርሰንት። እሱም ቴስታታው ሥር ያለው ግፊት ሁለቴም እኩል ከነበረ ነው። መብራቱ ትንሽ ከወረደ ቫኪዩሙም ይደክማል። ሁለተኛ የውሃ ቱቦ እዚያ ግጠምና ሁልጊዜ 12 ሴንቲ ላይ አቁመው። ትልልቆቹ የሞተር ቤቶች 71 ሴንቲ ላይ ነው የሚለኩት፣ አንተ ግን የምታወዳድረው ከራስህ ጋር ስለሆነ 12 ይበቃሃል። ደግሞ ቀዳዳውን ዝም ብለህ አታስፋው። በጣም ከሰፋ አየሩ ፍጥነት ያጣል፣ ዳገት ላይ የምትፈልገው የታች ጉልበት (ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር ያለው) ይሄድብሃል።

የሜካኒካል ተማሪ፦
ጋሼ፣ የ75 ቧንቧ ሲባል 75 የውጪው ነው። የ4ኬ ሲሊንደር ውስጡ 75 ነው፣ ስለዚህ ቧንቧዎ ጠቦ ቫልቩን እያፈነ ሊሆን ይችላል። የመግቢያውን ጠርዝም በጭቃ አክብበው ይሥሩት፣ ሹል ጠርዝ አየር ያውካል። ከሁሉ በፊት ግን ቫልቩን ዘግተው ይሞክሩ። ውሃው ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ከሐዋሳ፦
አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከጅቡቲ በሩብ ያህል ያንሳል። ለቅሶው ሁሉ የቴስታታው አይደለም። የአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው) መቼ ተቀየረ?

ባለዲኤክስ፦
ተማሪዋ ልክ ነበረች። ቫልቩን ዘግቼም ውሃው 2 ሴንቲ ይነሳል። ከቧንቧው አፍ ነው የሚያፈሰው፣ በግራሶ ደፈንኩት። ቧንቧውን ደግሞ ቶርኖ ቤት በ75 አስቀረጽኩ። 12 ላይ አቁሜ ስለካ ያልተነካው 17፣ የሞረድኩት 18.5 መጣ። 4 ፐርሰንት! ሁለት ቅዳሜ የሞረድኩት ለዚህ ነው።

ፊልትሮውን አታንሱት። ሳራግፈው የወንጂ መንገድ አቧራ በሙሉ ወጣ። ዛሬ አዲስ ገዛሁ፣ እሁድ ሞጆ ላይ እናያለን። ቫኪዩሙ ተመልሷል። ውስጡ የቴስታታ ጥቀርሻ እንዳለ ግን ገና አልነገርኳትም።