የጋራ ዕቅዳችን፦ በቆሎው ክረምትን ይሻገር

ጸሐፊው፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የማህበራችን አባላት። ለወረዳችን ገጠር ቀበሌዎች በቴክኖሎጂ ምን እናግዝ ለሚለው እስካሁን የቀረበው ሐሳብ የገበያ ዋጋ የሚያሳይ የስልክ አፕ ነው። ዕቅዱን ከመጻፌ በፊት የምትደግፉትንም የምትቃወሙትንም እዚሁ አንሱ።

አባል፣ ከዋሽንግተን፦ አፑን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ገበሬው ዋጋ ሳያውቅ በደላላ እየተበላ ነው። በነጻ የሚሠሩልን ልጆችም አሉ።

የግብርና ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ለአገርህ ማሰብህ ደስ ይላል። ግን እዚህ ምዕራብ ጎጃም ብዙው ገበሬ የያዘው ተራ ስልክ ነው። ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ተዘግቶ እንደነበርም ታስታውሳለህ። የእርሻ ምክር ለሚፈልግ 8028 የሚባል የስልክ መስመር አለ፤ በድምፅ ስለሆነ ማንበብ ለማይችልም ይሆናል።

ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቆሎ እንደሚወደድ ገበሬው ከማናችንም በላይ ያውቃል። ጥር ላይ በርካሽ የሚሸጠው ነቀዝ ፈርቶ ነው። የማዳበሪያ ዕዳም አለበት፤ እሱ እንኳ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔ የምለው ፒክስ የሚባለውን የእህል ማከማቻ ከረጢት እናስገባ ነው። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጪ የምናውቀው ጆንያ። እህሉ ይሞላል፣ አየሩ ይወጣል፣ ሦስቱም ለየብቻ ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ይጨርሳታል። ከዚያ መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ያወጡት ዘዴ ነው። ለበቆሎም ይሠራል፣ አገራችንም ገብቷል።

ነርሷ፦ እኔ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ የነቀዝ ክኒን ነው። ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ያለ ጎታ ላይ ይጨምሩታል። የሚወጣው ጋዝ የተኛውንም ሰው ይገድላል። ከረጢቱ ክኒኑን ከቤት የሚያስወጣ ከሆነ እደግፋለሁ። ይህ ምክንያት ዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዡ፦ በነጻ እናድላቸው ወይስ እንሽጥ?

አርሶ አደር አባላችን (ልጃቸው እየጻፈላቸው)፦ በነጻ አይሁን። በነጻ የመጣ ከረጢት የሳር መጫኛ ይሆናል። የኅብረት ሥራ ማህበሩ ሱቅ ቀንሶ ይሽጥልን። አይጥ አንዴ ከበሳው አለቀ፤ ያኔ ሌላ የምንገዛበት ቦታ ያስፈልገናል። ሰው ደግሞ በወሬ አያምንም። ጥር ላይ በየጎጡ አንድ ከረጢት ሰው እያየ ይታሰር። አጠገቡ በተራ ጆንያ ያለ በቆሎ ይቀመጥ። ሐምሌ ላይ እድሩ ተሰብስቦ ሁለቱም ይፈቱ።

የግብርና ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ይህንን ነበር የምንፈልገው! እኔ የምጨምረው እርጥበቱን ነው። በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ከታሰረ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው አድርጎ መነቅነቅ፣ ትንሽ ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

ሥልጠናውን ባሎቹ ብቻ እንዳይወስዱት አደራ። ለወፍጮ የምትሰፍረው እናት ናት። ከረጢቱ በየቀኑ ከተከፈተ አየር ይገባና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የዕለቱ ለብቻው እንዲቀመጥ እሷ ማወቅ አለባት።

አባል፣ ከዋሽንግተን፦ አሳመናችሁኝ፣ አፑ ይቅር። ልጆቹ አስተሳሰሩንና የጨው ፈተናውን በአጭር ቪዲዮ ይሥሩት። የልማት ሠራተኞቹ ስልካቸው ላይ ጭነውት ይዙሩ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ጸሐፊው፦ ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፦ «ማህበራችን ፒክስ ከረጢት በኅብረት ሥራ ማህበራት ሱቆች በቅናሽ ዋጋ እንዲሸጥ ይደግፋል። በየጎጡ አንድ ማሳያ ከረጢት በማህበራችን ወጪ ይቀመጣል። ሥልጠናው ለባልና ሚስት አንድ ላይ ይሰጣል። ዓላማው እህል ለክረምት ማትረፍና የነቀዝ ክኒን ከመኖሪያ ቤት ማስወጣት ነው።» የቀረን የቅናሹ መጠን ነው። ገንዘብ ያዣችን የከረጢቱን ዋጋ ከአቅራቢዎች ጠይቀው እሁድ ያሳውቁን። ከረጢቱ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት ሱቅ መድረስ ስላለበት ውሳኔውን ከእሁድ አናሳልፈው።