በሳን ፍራንሲስኮ ሰንሴት ሰፈር የቤት ደጅ አትክልት፦ ሳር፣ ጠጠር ወይስ የአካባቢው ተክል?

የጉም ሰፈር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ ባለፈው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሰንሴት በተባለው ሰፈር፣ ከውቅያኖሱ ስምንት ጎዳና ያህል ገባ ብሎ የሚገኝ ቤት ገዝተን ገባን። ቤቱ በ1940ዎቹ የተሠራ፣ ከታች ጋራዥ ከላይ መኖሪያ ያለውና ከግራ ቀኝ ጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ነው። የቦታው ወርድ በሰፈሩ እንደተለመደው 25 ጫማ ስለሆነ፣ የመኪና መግቢያውና ደረጃው ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለአትክልት የሚተርፈው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የማይሞላ መሬት ነው። ከዚህም ላይ የቀድሞው ባለቤት ግማሹን በኮንክሪት ደፍኖታል፤ በቀረው ግማሽ ላይ የደረቀ ሳር አለ።

አመሻሽ ላይ በእግር ስንዘዋወር የጎረቤቶቻችንን ደጆች እንመለከታለን። አንዱ ደጁን በሙሉ በኮንክሪት ሸፍኖ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ ሌላው ሰው ሠራሽ ሳር አንጥፏል፤ ከእኛ ፊት ለፊት ያሉት አዛውንት ጥዳቸውን በመቀስ እየከረከሙ የደመና ክምር አስመስለውት ዙሪያውን ነጭ ጠጠር አልብሰውታል፤ ማዕዘኑ ላይ የምትኖረው ወጣት ደግሞ የዱር አበባ ዘርታ ቁመቱ ጉልበት ደርሷል። እኛ «ጓሮ» ስንል ጎመኑና ቃሪያው ወዲያው ይታየናል፤ «ደጅ» ስንል ግን የሚጠረግ እንጂ የሚተከልበት ቦታ አይታሰበንም። ስለዚህም አጥር የሌለውና መንገደኛ ሁሉ የሚያየው አትክልት ከየት ተጀምሮ እንደሚሠራ ግራ ገብቶኛል።

አንድ ሙከራ አድርጌ ከስሬአለሁ። ባለፈው ሐምሌ ብርዱና ጉሙ የአዲስ አበባን ሐምሌ ስላስታወሰኝ፣ በሶብላና ሁለት ጽጌረዳ ተክዬ ውኃውን ለሰማዩ ተውኩት። በሶብላው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ቀረ፤ ጽጌረዳዎቹም ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ውኃ የማይፈጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ለዓይን የማያስቀይምና ከተቻለም የአገር ቤት ሽታ ያለው ደጅ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የአሸዋ አትክልተኛ

በዚህ ሰፈር ከ15 ዓመት በላይ አትክልት ስሠራ ኖሬአለሁና የተሳሳቱት በተክል ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ ልንገርዎ፤ ሰማዩ ነው ያታለለዎት። የሰንሴት ሐምሌ ብርዱም ግራጫነቱም የአዲስ አበባን ሐምሌ ይመስላል፤ ዝናብ ግን የለውም። በሳን ፍራንሲስኮ በዓመት የሚዘንበው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይኸውም የአዲስ አበባ ግማሽ ያህል ነው፤ ያ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወርደውም ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ጉሙ ረጃጅም ዛፎች ላይ ሲያርፍ ይንጠባጠባል እንጂ መሬት ላይ ላለ ትንሽ ችግኝ ጥም አይቆርጥም። በሶብላ ሙቀት የሚወድ ስለሆነ በዚህ ጉም ውስጥ ውኃ ቢያገኝም አይደላውም።

ሁለተኛው ጉዳይ መሬቱ ነው። አካፋ ይዘው አንድ ክንድ ቢቆፍሩ የሚያገኙት አሸዋ ነው፤ ሰፈሩ ቤት ከመሠራቱ በፊት ነፋስ የሚያንከባልለው የአሸዋ ክምር ነበርና። ጎልደን ጌት ፓርክም የተተከለው በዚሁ አሸዋ ላይ ነው። በ1870ዎቹ ፓርኩን የነደፈው መሐንዲስ ዊልያም ሃሞንድ ሆል አሸዋውን ያስያዘው ገብስና ሉፒን አቀላቅሎ በመዝራት ነበር፤ ገብሱ ፈጥኖ በቅሎ ለጥቂት ወራት አሸዋውን ሲያቅፍ፣ በቀስታ የሚያድገው ሉፒን በዚያ ጥላ ሥር ሥሩን ይሰድዳል። ሉፒን የተባለው የእኛ ግብጦ ወገን መሆኑን ሳውቅ እኔም ገርሞኝ ነበር። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ሲባል ብቻ አይደለም፤ የእርስዎም ደጅ የሚሻው ይኸው አሠራር ነው። አሸዋ ውኃንም ማዳበሪያንም ቶሎ ያሳልፋልና፣ በአሸዋ ኖሮ የማያውቅ ተክል ካመጡ ዕድሜ ልክዎን ሲያጠጡና ሲመግቡ ይኖራሉ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ከዚህ ባሕር ዳር የበቀለውን ነው። የባሕር ዳር ዴዚ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ለወራት ያብባል፤ የአሸዋ እንጆሪ እየተንፏቀቀ ባዶውን ቦታ ይሸፍናል፤ ሲያኖተስ ከተባለው ቁጥቋጦ መሬት ለመሬት የሚሄደው ዓይነት በዝናቡ ወቅት መጨረሻ ገደማ ሰማያዊ አበባ ይለብሳል። የካሊፎርኒያ ፖፒን በጥቅምት ዘሩን በትነው መተው ነው፤ ብቻ በደመናና በብርድ ቀን አበባው ስለሚከደን፣ በጉም ሰፈር ብዙ ጠዋት ተከድኖ እንደሚያገኙት ቀድመው ይወቁት። ችግኝ የሚተከለውም በደረቁ ወቅት መካከል ሳይሆን ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የመጀመሪያውን ደረቅ ወቅት በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርገው ያጠጡ፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሱ ይሂዱ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቤትዎ ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ የሚመለከተው? አብዛኞቹ ቤቶች የተሠሩባቸው ጎዳናዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለተዘረጉ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ምዕራብ ከሆነ ጨው ያዘለው የውቅያኖስ ነፋስ በቀጥታ ያገኘዎታል፤ ምሥራቅ ከሆነ ግን ቤቱ ራሱ ይከልልዎታል።

ደረቅ ሸንበቆ

ስለ ኮንክሪቱ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዚህች ከተማ የዝናቡ ውኃና የቤቱ ፍሳሽ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው፤ ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከተደፈነ ደጅ ሁሉ የሚንደረደረው ውኃ ተጠራቅሞ ቱቦውን ከአቅሙ በላይ ይሞላዋል። ከተማው በ2010 ባወጣው ደንብ፣ አዲስ ቤት ሲሠራ ወይም ሰፋ ያለ ንጣፍ ሲነጠፍ ከፊት ለፊቱ ክፍት ቦታ ቢያንስ 20 በመቶው ተክል እንዲኖረውና ግማሹ ውኃ የሚያሰርግ እንዲሆን ይጠይቃል። የእርስዎ ኮንክሪት የቆየ ስለሆነ የሚያስገድድዎ ባይኖርም፣ በመዶሻና በዲጂኖ ቢያነሡት መሬትዎ እጥፍ ይሆንልዎታል። ሰው ሠራሽ ሳሩን በተመለከተ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ይቅርብዎ። ከዓመታት በኋላ ሲያረጅ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው።

እማማ ጓሮ

ልጆቼ፣ የሁላችሁም ምክር መልካም ነው፤ ጠያቂው ግን የአገር ቤት ሽታም ፈልጓልና ስለዚያ ልናገር። በዚህ ጉም ውስጥ እንደ ጎመን የሚመቸው የለም፤ ብርድ እንጂ ሙቀት ስለማይወድ ዓመቱን ሙሉ ትቀነጥበዋለህ። ነገር ግን ልጄ፣ ቤትህ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ የድሮው የግድግዳ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እየተፋቀ የወረደውም ከግድግዳው ሥር አፈር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አፈሩን ሳታስመረምር የሚበላ ነገር በመሬቱ ላይ አትትከል፤ ወይም በሣጥን ውስጥ ንጹሕ አፈርና ብስባሽ አድርገህ ትከል። የጥብስ ቅጠል አሸዋንም ነፋስንም ስለሚችል አያሳስብህም። ጤና አዳምም በደረቅ አፈር ደስ ብሎት ይኖራል፤ ብቻ ፈሳሹ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላልና የመንገደኛ ሕፃን እጅ ከሚደርስበት ጠርዝ አርቀህ ወደ ደረጃው አስጠጋው።

ደግሞም በዚህ ከተማ ቅጠሉ ወደ ቀይ የሚያደላ እንሰት ለጌጥ እንደሚሸጥ ታውቃለህ? በችግኝ መሸጫዎች «ቀይ የአቢሲኒያ ሙዝ» እያሉ ነው የሚሸጡት። የኔ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ፈረንጆቹ ቆመው ፎቶ ሲያነሡት፣ ባገራችን ቆጮ እንደምንጋግርበት ስነግራቸው አያምኑኝም። ቅጠሉን ነፋስ ስለሚቀድደው ከለላ ይሻል፤ ብስባሽና ውኃም እንደ ሌሎቹ አትንፈገው። እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጅ አይሰጥህም፤ አንድ ቀን ካበበም ዕድሜው ያበቃል።

ጥዱን አትንኩ

እኔ የአዛውንቱን ወገን ልያዝ። የአካባቢው ተክል ሲባል ሁሉም የሚያስበው የመጋቢትን አበባ ነው፤ በመስከረም ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ደርቀው ወይም ሳስተው ደጁ የተተወ ይመስላል፤ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ወጣት አትክልት በዚያን ጊዜ ሄደው ይመልከቱት። የተከረከመው ጥድ ግን በጥርም በነሐሴም ያው ነው፤ ሦስት ሜትር በምትሆን ቦታ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ቋሚ ነገር ከሌለ የቀረው ሁሉ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከጠጠሩ መካከል የሚተከለው ኤዮኒየም የተባለው ቅጠለ ወፍራም ተክልም ከዚህ አየር ጋር የተስማማ ነው፤ በደረቁ ወቅት ተኝቶ በዝናቡ ወቅት ያድጋል። ከጎረቤት አንድ ራስ ለምነው ቆርጠው፣ ቁርጡ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አቆይተው አሸዋው ላይ ቢሰኩት ይይዛል። አንድ ዝርያው በኢትዮጵያ ተራሮችም እንደሚገኝ ለእማማ ላስታውሳቸው።

የአሸዋ አትክልተኛ

ስለ መስከረሙ የተባለው እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ሲያኖተሱን ያነሣሁት፤ እሱ ቅጠሉን አያራግፍም። ጠያቂው ግን ከሁሉ በፊት ያንን የደረቀ ሳር ይመርምሩ። ሲቆፍሩት ወፍራም ነጭ ሥር መሳይ ግንድ ከመሬት ውስጥ ከተያያዘ ኪኩዩ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ከእኛም አገር ጭምር የመጣ ሳር ሆኖ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር እንደ አረም የተሠራጨ ነው። ደርቆ ይታያል እንጂ አልሞተም፤ በካርቶንና በእንጨት ፍቅፋቂ ቢሸፍኑትም ከጎን ብቅ ይላል። አሸዋ በመሆኑ በእጅ መንቀሉ ቀላል ነው፤ ቁራጭ እንዳይቀር ግን ሁለት ጊዜ ይመለሱበት።

የጉም ሰፈር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤታችን ወደ ምሥራቅ ነው የሚመለከተው። ዛሬ ጠዋት ስቆፍር እንደተባለው ነጩን ግንድ አገኘሁት፤ አንድ ባልዲ ሙሉ አውጥቼ ገና ግማሹ ላይ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ኮንክሪቱን በመስከረም አንሥተን፣ በመካከሉ አንድ ሲያኖተስ፣ በዙሪያው ዴዚውንና እንጆሪውን በጥቅምት ልንተክል ነው፤ ጤና አዳሙ ከደረጃው አጠገብ፣ ጎመኑ በሣጥን ይሆናል። እንሰቱን በተመለከተ ባለቤቴ የጉራጌ ልጅ ስለሆነች ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አብቅቷል፤ እማማ፣ ከግድግዳው ስንት ሜትር ላርቀው?

እማማ ጓሮ

ቅጠሉ በሁለቱም ወገን ስለሚዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል አርቀው፣ ልጄ፤ የመኪናው በር ሲከፈት እንዳይነካውም አስብበት።