ዱባይ የሚሄደው አውቶቡስ መናኸሪያው የት ነው?

የዴራ ልጅ፦ ትናንት ማታ ስለ ዱባዩ ርካሽ አየር መንገድ ስለ ፍላይዱባይ ስናወራ አንበሳው «ርካሽ ትኬት የሚፈልግ አውቶቡስ ይሳፈር፣ አገሩን የሚወድ በአገሩ አየር መንገድ ይበራል» ብሎ ጽፎ ተኛ። እኔ በንዴት እንቅልፍ አጣሁ። ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው? ከአውቶቡስ ተራ ነው ከላምበረት? እዚህ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የትኬቱን ልዩነት ለእናቷ ነው የምትልከው።

አንበሳው፦ ተኝቼ ተነሳሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። አየር መንገዳችን ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ንጉሡንም ደርግንም ኢሕአዴግንም አሳልፎ እዚህ ደርሷል። እናንተ በመቶ ድርሃም ትሸጡታላችሁ። ፍላይዱባይ ከኋላው የዱባይ መንግሥት አለ። ይኼ ውድድር ነው?

ኪሎ ሜትር፦ የኛውስ የማን ነው? የእድር ነው? 😂

አንበሳው፦ የኛው አትርፎ ነው ያደገው።

ሒሳብ ሹሙ፦ እነሱስ? በፈረንጆቹ ሰኔ 2009 ቤይሩት ብለው ጀመሩ። ዛሬ ከ120 በላይ ከተማ ይበራሉ። በ2024 ብቻ 15.4 ሚሊዮን ሰው አጓጉዘዋል፣ አትርፈዋልም። አሠራሩን እዩት። የሚያበሩት ቦይንግ 737 ብቻ ነው። ፓይለቱም ቴክኒሻኑም መለዋወጫውም ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ብዙ አይቆምም። የሚቆም አውሮፕላን የሚበላ እንጂ የሚያበላ አይደለም። ሻንጣውና ወንበር መምረጡ ደግሞ ለየብቻ ይከፈላል።

ሚሚ ከሻርጃ፦ እሱ «ለየብቻ» የሚባለው ነው እኮ የገደለን! ሐበሻ ያለ ሻንጣ አገሩ ገብቶ ያውቃል? ብርድ ልብሱ፣ ሽቶው፣ የጎረቤት አደራው። እኔ አንዴ በአንዱ ርካሽ ተብዬ (ስሙ ይቅር) ለትርፍ ኪሎ የከፈልኩት ከትኬቱ በለጠ። ቆጣሪው ሥር ቁጭ ብዬ ሻንጣ ስፈታ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊያነሳኝ ምንም አልቀረው።

አንበሳው፦ አላልኩም?

የዴራ ልጅ፦ አላልክም። አንተ ያልከው አውቶቡስ ነው።

ጡረተኛው መካኒክ፦ ልጆች፣ ኪሎውን በስስት ብቻ አትዩት። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን እንደ ዱባይ ተሸክሞ አይነሳም። ነዳጅ ወይ ዕቃ ወይ ሰው ይቀነሳል። ይኼ የማንም አየር መንገድ ችግር ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ደግሞ ፍላይዱባይን እስካሁን «ርካሽ» ማለታችሁ ራሱ ያስቀኛል። ከ2013 ጀምሮ ቢዝነስ ክላስ አለው። ከ2017 ጀምሮ ከኤምሬትስ ጋር አብሮ ይሠራል። ርካሽነቱ ቀስ በቀስ እየለቀቀው ነው።

ቄራ፦ ሁሉም 737፣ ማክስ የሚባለው ሞዴልም አለበት። እኔ አልሳፈርም።

ኪሎ ሜትር፦ የኛውስ ማክስ የለውም?

ቄራ፦ አለው። የኛው ማክስ የወደቀበትን፣ በኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011ንም አልረሳሁም።

ጡረተኛው መካኒክ፦ እባካችሁ እሱን ለትኬት ክርክር አታምጡት። 157 ሰው ነው ያለቀው። በቃ።

ሰላም ነኝ፦ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የኛው ለምን ርካሽ እህት ኩባንያ አይከፍትም? የኬንያው በፈረንጆቹ 2014 ጃምቦጄትን ከፈተ። አሁን የሚያበረው ዳሽ ኪው 400 ነው፣ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚወስደን ያው አውሮፕላን! እኛ ቶጎ፣ ሎሜ ድረስ ሄደን አስካይ በሚባለው አየር መንገድ ሸሪክ ሆነናል፣ ማላዊም ዛምቢያም ገብተናል። ለጎንደር ሰው ሲሆን ምነው?

አንበሳው፦ ርካሽ የተባለውን ፋስትጄትን ጠይቂው። በ2012 ታንዛኒያ ላይ በከበሮ ጀመረ፣ 2018 ሲያልቅ በረራውም አለቀ። አፍሪካ ላይ ርካሽ አይሠራም። ነዳጁ ውድ፣ የኤርፖርት ክፍያው ውድ፣ ፈቃዱ በየአገሩ ልመና።

ሰላም ነኝ፦ የአፍሪካ ነጠላ የአየር ገበያ የታወጀው እዚሁ አዲስ አበባ አይደል፣ በ2018? የፈረመ ሁሉ በሩን ቢከፍት ልመናው ይቀንስ ነበር። ለሌላው ሲሆን «ክፈቱ» እንላለን፣ ወደኛ ሲመጡ «ባንዲራ» እንላለን።

አንበሳው፦ ባንዲራ ምን አደረገሽ?

ሰላም ነኝ፦ ባንዲራውማ ምንም አላደረገኝም። ከጀርባው ዋጋ የምትደብቀው አንተ ነህ።

ሚሚ ከሻርጃ፦ 👏👏 ግን ሰላም፣ ርካሹም ሲከፈት ሻንጣውን ያስከፍላል፣ ልብ በይ። ባሕር ዳር በ7 ኪሎ?

ኪሎ ሜትር፦ ባሕር ዳር ምን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ ብርድ ልብስ?

ሚሚ ከሻርጃ፦ አንተን አያገባህም።

የዴራ ልጅ፦ አንበሳው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። በዱባይ መስመር ኤምሬትስና ፍላይዱባይ ባይኖሩ የኛው ዋጋ የት ይደርስ ነበር?

አንበሳው፦ አላውቅም፣ ግን ዶላሩ አገር ውስጥ ይቀር ነበር።

የዴራ ልጅ፦ የማን ዶላር? የኔ እኮ ነው!

አንበሳው፦ አውቶቡስ ያልኩት ለምሳሌ ነው፣ አሁንስ አበዛችሁት።

ፒያሳ፦ ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው አለ? ሁለት ኪሎ ብቻ ነው፣ የእናቴ መድኃኒት። በማንም ይምጣ።

ኪሎ ሜትር፦ ሐሙስ የለም፣ ዓርብ ጠዋት አንድ ልጅ አለ። የውስጥ መስመር ግቢ።

አንበሳው፦ ሰላም፣ የዛምቢያውን ደግሞ በደንብ ሳታጣሪ አትጥቀሺ።

ሰላም ነኝ፦ ምኑን ነው የማጣራው? ንገረኝ።