የጣና ሐይቅ ጀልባ ማኅበር የደኅንነት ዕቃ ገጠማ ዕቅድ፣ ረቂቅ 3 (አባላቱ በጀልባቸው ቁጥር ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ በየጀልባው የሞተር ማጥፊያ ገመድ (ካፒቴኑ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው) ከመለዋወጫ ቅንጥብ ጋር፣ 12 ቮልት የውኃ መምጠጫ ፓምፕ፣ ለየወንበሩ አንድ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ለሕፃናት 2 ተጨማሪ። መዋጮ በወንበር ቁጥር። አስተያየት እስከ ሐሙስ። የአምናው ፓምፕ ነገር አይነሳ።

ጀልባ 4፦ ለምን አይነሳ? ገንዘቡ የማን ነበር?

ሜካኒክ፦ የተበላሸው ፓምፑ ሳይሆን አገጣጠሙ ነው። ሽቦው ተጠማዞ፣ ናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎበት ውኃው ውስጥ ተጋደመ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበላ። አሁን መጋጠሚያው ከወለል ከፍ ብሎ ጎን ላይ ይታሰር፣ በሊድ ይበየድ፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ ይልበስ። ፊውዙ ፓምፑ ላይ በተጻፈው መጠን ባትሪው አጠገብ ይግባ፤ በፊውዝ ፈንታ ምስማር የሚከቱ አሉ፣ ጀልባው ቤንዚን እንደሚጭን ይታወቅ። ውኃ ሲሞላ ፓምፑን ራሱ የሚያስነሳው የተንሳፋፊው ማብሪያ ሽቦ በዋናው ማጥፊያ በኩል አይለፍ፣ ዝናብ ጀልባ የሚሞላው ማታ ሁሉን አጥፍታችሁ ስትሄዱ ነው። የቱቦው መውጫ ጀልባው ሙሉ ተጭኖም ከውኃው በላይ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ውኃው ተመልሶ ይገባል። በሰዓት 1,900 ሊትር የሚል የተጻፈበት ፓምፕ ሽቅብ ሲገፋ ያንን አይሰጥም፣ ባልዲው ይቀመጥ። ወንፊቱን የእንቦጭ ሥርና ፌስታል ስለሚዘጉት በየሳምንቱ ይጠረግ።

ጀልባ 9፦ የብረት ጀልባ ሆዱ አይበሳም!

ሜካኒክ፦ ማን ብሱ አለ? ትንሽ መያዣ ይበየዳል፣ የነዳጅ ጋኑ ከወጣ በኋላ።

ጀልባ 15፦ የብየዳውን ሥራ በነጻ እኔ እሸፍናለሁ። ዝርዝሩን ነገ እልካለሁ።

ጀልባ 2፦ ጃኬቱ ጀርባ ላይ «የዘጌ መስመር» ተብሎ ይጻፍ። የኛ ጃኬት ሁሉ ደብረ ማርያም ገብቶ ቀረ።

ጀልባ 6፦ ሌባ ናችሁ ማለትህ ነው?

ጀልባ 2፦ ጃኬቱ በእግሩ አልሄደም።

ጀልባ 6፦ መንገደኛ ለብሶ ወርዶ የጣለውን እኛ ሰብስበን አኖርን። ምስጋናው ይሄ ነው? «ደብረ ማርያም» ተብሎም ይጻፍልን እንግዲህ፣ ከላይ።

ጀልባ 11፦ ለምን ከላይ?

ሒሳብ ያዥ፦ የማኅበሩ ስም ብቻ ይጻፍ። ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

ጀልባ 2፦ የማኅበሩ ስም ከተጻፈማ ያው የማንም ነው።

ሜካኒክ፦ ስትጽፉ በካውያ አትተኩሱበት፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይቀልጣል። ቤንዚን ወይም ቲነር ያለበት ቀለምም ጨርቁን ይበላል። አንጸባራቂውን ጨርቅ አትሸፍኑ፣ በምሽት ባትሪ ሲበራ የሚታየው እሱ ነው። በማይለቅ ማርከር ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ዋናው ደግሞ ምን እንደምትገዙ ነው፦ ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው፤ 50 ኒውተን የሚለው ዋና ለሚችል ሰው የተሠራ ነው፣ ራሱን የሳተን በጀርባው አይገለብጥም። ለተሳላሚ ቢያንስ 100 ይሁን፣ ለሕፃን በክብደቱ ልክና በጭን መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው። ነጠላው ከጃኬቱ ውስጥ ይሁን፣ ከላይ ሲደረብ ማሰሪያውም አንጸባራቂውም ይሸፈናል። ጃኬት ላይ የሚቀመጡትን አስነሱ፣ ስፖንጁ ከተጨፈለቀ በደንብ አያንሳፍፍም።

ጀልባ 8፦ ውኃ ሲነካው ራሱ የሚነፋ አለ፣ ቀጭን ነው፣ አይሞቅም። እሱ ይገዛ።

ሜካኒክ፦ 150 ኒውተኑ ባለ 33 ግራም የጋዝ ጠርሙስ ነው፣ አንዴ ከነፋ ጠርሙሱም የሚሟሟው ቁራጭም ይቀየራል። የሚሟሟው ቁራጭ በእርጥበት ያረጃል፣ ጊዜው ካለፈ ክረምት ላይ ወንበር ሥር ባለበት ራሱ ሊነፋ ይችላል። መለዋወጫውን ከየት እናመጣለን?

ጀልባ 6፦ ጽሕፈቱን ማን ወሰነ ግን?

ጀልባ 11፦ ቀለሙ ብርቱካን ከሆነ ጽሕፈቱ ጥቁር ይሁን። ቀይ አይነበብም።

ጀልባ 2፦ ቀይ ያለው ማነው?

ጸሐፊ፦ ሁለታችሁም ተዉት። አያ፣ ስለ ሞተር ማጥፊያው ንገሩን።

ሜካኒክ፦ ቅንጥቡ ከማጥፊያ ቁልፉ ሥር ሲወጣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ገመዱ ከካፒቴኑ ቀበቶ ወይም ጃኬት ጋር ይታሰራል። ግማሹ ጀልባ ላይ ቅንጥቡ ጠፍቶ ቁልፉ በጎማ ታስሮ ይሄዳል። ካፒቴኑ ቢወድቅ ሞተሩ አይቆምም፣ መሪውን ያጠማዝዝና ጀልባው ክብ እየዞረ ራሱ ላይ ይመጣበታል፣ ፕሮፔለሩ ከነሙሉ ኃይሉ። ትናንሾቹ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚጠፉት የማጥፊያው ሽቦ ብልጭታውን ከሞተሩ አካል ጋር ሲያገናኝ ስለሆነ ያ የማጥፊያ ሽቦ ከተበጠሰ ሞተሩ ይነሳል፣ ግን በገመዱ አይጠፋም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳትነሱ አንዴ ጎትቱት። መለዋወጫው ቅንጥብ ረዳቱ ኪስ ይሁን፤ ካፒቴኑ ገመዱን ይዞት ከወደቀ ያለ ቅንጥብ ሞተሩ አይነሳም፣ የወደቀውንም የሚያመጣው አይኖርም።

ጀልባ 9፦ ታስሬማ ሰው ማውረድ አልችልም።

ሜካኒክ፦ ወደብ ላይ ፈትተህ አውርድ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን እሰረው።

ጀልባ 4፦ ጀልባ 15 የብየዳውን ዝርዝር አልላከም?

ሒሳብ ያዥ፦ ስልኩን አያነሳም። ብየዳው በክፍያ ከሆነ ፓምፕ ለሁሉም አይበቃም። መዋጮውም በወንበር መሆኑ ቀርቶ በጀልባ እኩል ይሁን ያሉ አሉ።

ጀልባ 2፦ 12 ወንበር ያለው ከ30 ጋር እኩል? በፍጹም!

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4። ጃኬት፣ 100 ኒውተን፣ ጀርባው ላይ የማኅበሩ ስም በጥቁር፣ ከሥሩ የጀልባ ቁጥር። ጃኬቱ እንዳይቀላቀል ወደቡ ላይ የቆርቆሮ ማከማቻ ክፍል ይሠራል። ፓምፕና የማጥፊያ ገመድ ገንዘብ ከተረፈ።

ሜካኒክ፦ ገመዱ እኮ ከሁሉም ርካሹ ነው። እሱን አስቀድሙ።

ጀልባ 6፦ ክፍሉ ደብረ ማርያም በኩል ካልሆነ አልፈርምም።

ጀልባ 11፦ ቁልፉስ ማን ጋ ይሆናል?